ብርድ የለመንንበት ቀን

መካነ ሰላም መናኸሪያ፣ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ፖሊሶች አውርደው የወሰዱኝ። «ወንዱ ልጅሽ የት ገባ?» ነው ጥያቄያቸው። ሴቷ ልጄ ከአጎቷ ጋር ቀድማ ሄዳ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ በማግስቱ ኦፕራሲዮን ልትሆን።

ያሰሩኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ቀድመው የታሰሩት ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

ሲነጋ አንዲት የወረኢሉ አሮጊት «ምነው ልጄ፣ ከንፈርሽ አላርፍ አለ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የልጄ፣ ከልቧ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር አብጦ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ዛሬ ሊቀይሩት ነው። እጃቸውን ዘረጉ።

«ያረቢ፣ ሙቀቱን አልብሳት! አሚን በሉ!»

ክርስቲያኑም እስላሙም «አሚን» አለ። እኔ ደነገጥኩ።

«ኧረ እማማ፣ ሙቀት አይበሉ!»

ሐኪሙ በስልክ ያስረዳኝ ትዝ ብሎኝ ነው። ሥሩን ሲቀይሩ ደሟ ለጊዜው ይቆማል። ደም ያጣ አንጎል ቶሎ ይጎዳል፤ ስትነቃ እኔንም ላታውቀኝ ትችላለች። ስለዚህ ገላዋን በማሽን ያቀዘቅዙታል፣ ራሷን በበረዶ ይከቡታል። የቀዘቀዘ አንጎል ይታገሳል አለኝ። እኔ ደግሞ እንደ አገራችን ልማድ ራሷን በሁለት ሻርፕ ጠቅልዬ፣ «እንዳታወልቂ» ብዬ ነው የሰደድኳት።

አሮጊቷ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ዕድሜ ልኬን ብርድ ለምኜ አላውቅም» አሉ። «ብርድ ከሆነማ ከዚህ ክፍል ይውሰዱላት!»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። እሳቸው እጃቸውን መልሰው ዘረጉ። «ያረቢ፣ ለልጅቱ ብርዱን በልኩ ስጣት። ራሷን ጠብቅላት። ሲያበቃ መልሰህ አሙቃት።»

«አሚን» አልን።

ከሰዓት መርማሪው ስልክ ይዞ መጣ። «የወንዱን መግቢያ ንገሪኝና አሁኑኑ ሆስፒታል እደውልልሻለሁ። መትረፏን መስማት አትፈልጊም?»

ልጄ እዚያው አገራችን ወዳለችው ማሻ በኩል መሄዱን አውቅ ነበር። ሻርፔን ከራሴ ላይ አወለቅሁ። ልጄ በረዶ ውስጥ ሆና እኔ ተሸፍኜ አልውልም ብዬ፣ ራሴን ገልጬ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ።

«ስልክዎን ይያዙት ጌታዬ» አልኩት።

አሮጊቷ ምግብ የምታመጣላቸውን ምራታቸውን ለልጄ አጎት አስደወሉልኝ። ወሬው በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ነቅታለች፣ ስሟን ሲጠይቋት ተናግራለች፣ «እናቴስ?» ብላለች።

ከተፈታሁ ወዲህ ልጄ ከእኔ ጋር ናት። አልፎ አልፎ ቃል ይጠፋትና ታቆማለች፤ እስክታገኘው ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ወንዱ እስከ ዛሬ ድምፁን አላሰማኝም። ውርጭ ሲጥል እጄን ለልመና እዘረጋለሁ። ለእሷ ምን እንደምል አውቄ ነበር። ለእሱ ግን የት እንዳለ፣ ምን እንዳገኘው ሳልሰማ፣ ሙቀት ልለምን ብርድ አላውቅም።