ዎፋ አታ የቀረጸው ፕላስቲክ

ኩማሲ ከተማ ውስጥ፣ ሱአሜ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር፣ ዎፋ አታን የማያውቅ ሰው ከተገኘ ትናንት የመጣ ነው። ዎፋ ማለት አጎት ነው፤ እሱም የሰፈሩ ሁሉ አጎት ሆኖ አርጅቷል። አርባ ዓመት ቶርኖ ማሽኑ ፊት ቆሞ የመኪና ዕቃ ሲቀርጽ የኖረ፣ ጆሮው የደከመ፣ ቁጣው የማይበረክት ሰው ነው። ከብረት የተሻለ ነገር ተፈጥሯል ቢሉት አያምንም። ፕላስቲክ ለእሱ የሕፃን መጫወቻ ነበር።

አንድ ቀን አፍሪዬ የምትባል ወጣት መጣችበት። ሆስፒታል ውስጥ የጨረር ሕክምና ልክ የምታሰላ ባለሙያ ናት። በጨርቅ የጠቀለለችውን ብረት ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዎፋ፣ ይቺን በፕላስቲክ ይሥሩልኝ።»

«ብረቱ ምን በደለሽ?»

ስልኳን አውጥታ አንድ ሥዕል አሳየችው። ከመሃሉ የሚፈነጥቅ ነጭና ጥቁር ጭረት ሁሉን ሸፍኖታል። የማህፀን በር ካንሰር የያዛት ሴት፣ ጨረሩ የሚገባበት ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጧ ተደርጎላት በሲቲ ስካን የተነሳችው ነው። ሥዕሉን ያጠፋው ቱቦውን ጨብጦ የሚይዘውና አንጀቷን ከጨረሩ ገፋ የሚያደርገው፣ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ያለው ዓይነት ወፍራም ብረት ነበር።

«ፊኛዋ የት አለቀ፣ አንጀቷ የት ጀመረ፣ አይታይም» አለች አፍሪዬ። «ጨረሩን ብንጨምር አንጀቷን እናቃጥላለን። ብንቀንስ ዕጢው ይተርፋል።»

ዎፋ አታ መሣሪያው የት እንደሚገባ ሲገባው አንገቱን ደፋ። «ትተሽልኝ ሂጂ» አላት።

መጀመሪያ የሚስቱን የሰርዋን ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ ደብቆ ወሰደና ከሱ ቀረጸ። ሆስፒታሉ ጀርም ለመግደል በእንፋሎት ሲያመክነው ግን እንደ ሙዝ ልጣጭ ተጣሞ ተመለሰ።

«መክተፊያዬን በላህ፣ እሱም አልበጀህ!» አለች ሰርዋ።

አፍሪዬ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ፈልጋ ፈልጋ አንድ ዘንግ አገኘች። አንድ ብቻ። ከተበላሸ ሌላ የለም። ዎፋ አታ ሦስት ቀን ደንበኛ መለሰ። እየለካ ቀረጸ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፤ ከዚያ የሰርዋን የሐር ሻሽ ላዩ ላይ እየጎተተ ክር የሚይዝ ጠርዝ ፈለገ።

«ደግሞ ሻሼን?»

«ሰው ውስጥ የሚገባ ነው፣ ሰርዋ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

እያፈረ በጆሮዋ ነገራት። ሰርዋ ሻሹን ከእጁ ነጠቀችና ራሷ ትጎትት ጀመር።

«እዚህ ጋ ይይዛል» አለች። «ያንተ እጅ ደንዝዟል፤ አይሰማውም።»

ሲያልቅ ሰው ላይ ከመዋሉ በፊት ትልቅ ሐብሐብ ውስጥ ተክለው በሲቲ ስካን ሊያነሱት ወሰኑ። ዎፋ አታ ሐብሐቡን ታቅፎ ሆስፒታሉ ሲገባ የስካን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኦፖንግ ብድግ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ ዎፋ! ስንት ወሯ ነው?»

«ዘጠኝ። አንተን እንዳትመስል ብቻ ጸልይ!»

ሐብሐቡ እስከ ፍሬው ጥርት ብሎ ታየ። ከዚያ የሆስፒታሉ ኮሚቴ እያገላበጠ ሦስት ወር ያዘው፤ ዎፋ አታ በየሳምንቱ እየደወለ አፍሪዬን ነዘነዛት።

መጀመሪያ የታከመችበት ኮናዱ የምትባል፣ ቦዬ የተባለውን ሥራ ሥር የምትነግድ ሴት ነበረች። የዚያን ዕለት ዎፋ አታ ማንም ሳይጠራው የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ መጣና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። አፍሪዬ የሴትዮዋን ስም ሸፍና ሥዕሉን አሳየችው።

«ይሄ ፊኛዋ። ይሄ አንጀቷ። ይሄ ደግሞ ጠላታችን።»

ምንም ባይገባውም ጠርዝ ከጠርዝ መለየቱን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ጣቱን ቀሰረ፤ «ይሄስ ጭረት?»

«የቱቦው ነው። ትንሽ ስለሆነ አያስቸግረንም።»

«እሱንም አምጪልኝ» አላት።

ቤት እንደገባ ሰርዋን «ነገ ሄደሽ ለዚህ ካንሰር ትመረመሪያለሽ» አላት።

«ደግሞ ብለህ ብለህ ሐኪም ሆንክ?» ብላ ሳቀችበት። ሄደች ግን፤ ሁለት እህቶቿንም ጎትታ ሄደች። ሦስቱም ነጻ መሆናቸውን የሰማ ዕለት ዎፋ አታ ማሽኑን በእኩለ ቀን አጠፋና ሱአሜን ሁሉ ፉፉ የሚሉትን ገንፎ ጋበዘ።