ጥጋባችንን ያነበቡልን እማሆይ

ነገሩ የሆነው በ1965 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት ያህል ሲቀራቸው ነው። ወሎ በረሃብ ይረግፍ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ የፓርላማ ምርጫ ደረሰ፤ ሰው ሞተ ተብሎ ምርጫ አይቀርም መቼስ። ስንቱን ነገር ረስቻለሁ። ይቺን ግን ሃምሳ ዓመት አልፏትም ልረሳት አልቻልኩም።

እኔ ያኔ መካነ ሰላም ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ጽሕፈቴ ያምራል ይባል ነበር። እውነትም ያምራል። በዚህችው ጽሕፈት የተነሳ ለፓርላማ የሚወዳደሩ አንድ ግራዝማች ጸሐፊ አድርገው ቀጠሩኝ። ካሸነፉ በሚያስከፍቱት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሊያደርጉኝም ቃል ገቡልኝ። ከዚያ ወዲያ እግሬ መሬት አልነካም።

ግራዝማች የሚቀሰቅሱት በትምህርት ነበር። "ለየደብሩ ትምህርት ቤት! ለየሰዉ ፊደል!" ይላሉ በቅሏቸው ላይ ሆነው። የምርጫ ምልክታቸው የተዘረጋ መጽሐፍ ነው፤ ምስሉን ተሸክሜ በእግሬ የምከተላቸው እኔ ነኝ። ገበሬው ምስሉን ያይና "ዳዊት ነው እንዴ?" ይለኛል። "የለም፣ ትምህርት ነው" እለዋለሁ። "ይበላል?" ይላል ሌላው። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ "አየህ ድንቁርናን!" ይሉኛል፣ የጠዋቱ ዶሮ ወጥ ገና ጢማቸው ላይ ሳይደርቅ።

አንድ እሑድ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ወዳለች አንዲት ደብር ሄድን። የደብሩ ሰዎች እህል ይሰጠን ብለው ለአውራጃው ቢሮ አመልክተው መልስ ይጠብቁ ነበር። ግራዝማችም "የእህሉንም የትምህርት ቤቱንም ነገር በአንድ ወረቀት አድርጌ አዲስ አበባ አደርስላችኋለሁ፤ እናንተ አሻራችሁን ብቻ አድርጉ" ብለው አስቀድመው አስነግረዋል። ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ቆሞ ለመጠበቅ አቅም ያለው ጥቂት ነበር።

ወረቀቱን በዋዜማው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግራዝማች እየተንጎራደዱ ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ "እኛ የዚህ ደብር ነዋሪዎች ምርታችን ሞልቶ ተርፏል። በመንደራችን ረሃብ የሚባል የለም። ስለ እህል የምንጠይቀው ነገር የለንም። የጎደለን ፊደል ብቻ ነውና ትምህርት ቤት ይሠራልን።" ያኔ ረሃብ አለ ብሎ የሚጽፍ ሰው በትልልቆቹ ዘንድ አይወደድም፤ ግራዝማች ደግሞ መወደድ ይወዳሉ። ይህ ወረቀት የሕዝቡ አሻራ ካረፈበት የእህሉ ነገር አከተመ ማለት ነው።

እንግዲህ በእኛ አገር ወግ ትልቅ ሰው ያመጣውን ወረቀት "እስቲ ልየው" ማለት "ውሸታም ነህ" ብሎ መሳደብ ነው። ስለዚህ ቄሶቹ እንኳ ወረቀቱን ልብ ብለው ሳያዩ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ጫኑ። ቀጥለው አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ጫኑ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ግራዝማች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ቄሱ እንኳ መፈረም አይችልም! ሁሉም መሃይም ነው" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

የቄስ ትምህርት ቤት ማንበብ እንጂ መጻፍ እንደማያስተምር አያውቁም። ዕድሜውን ሙሉ ዳዊት ሲደግም የኖረ ሰው ብዕር ጨብጦ ላያውቅ ይችላል። እኔ አውቅ ነበር። አልነገርኳቸውም፤ ማን ጠየቀኝ?

ተራው እማሆይ ወለተ ማርያም ዘንድ ደረሰ። እዚያው ግቢ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ቀለሙን ሳቀርብላቸው ወረቀቱን ከእጄ ላጥ አደረጉት።

"እማሆይ፣ ጣትዎን እዚህ ጋ ነው" አልኳቸው።

"ቆይ ልጄ፣ ምን እንደማደርግ ልወቅ" አሉና አንድ ስንደዶ ከመሬት አንስተው በሱ እየጠቆሙ ማንበብ ጀመሩ።

የሚያነቡት ዳዊት በሚደግሙበት ድምፅ ነው፤ ሌላ ንባብ ከየት ያምጡ? "ምርታችን ሞልቶ ተርፏል" ሲሉ ሕዝቡ ምርቃት መስሎት "አሜን!" አለ። "በመንደራችን ረሃብ የሚባል የለም።" "አሜን! አሜን!" "ስለ እህል የምንጠይቀው ነገር የለንም።" የዚህኛው አሜን ግማሽ ላይ ተቆረጠ።

"እማሆይ፣ ዓይንዎ ደክሞ ነው፤ ተሳስተዋል" አሉ ግራዝማች።

እማሆይ ወረቀቱን ከቄሶቹ ለአንዱ አቀበሉ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ግራዝማችን አዩ፤ ሕዝቡን አዩ፤ አነበቡት። ያው ነው። ጽሕፈቴ ጥርት ያለ ስለሆነ አንድም ቦታ አላደናቀፋቸውም።

"አጃኢብ ነው!" አሉ አያ ይመር፣ የጠቆረ አውራ ጣታቸውን እያገላበጡ። "ለካ ጠግበናል፣ የነገረን ጠፍቶ ነው እንጂ! ጌታው፣ ጣቴን ይመልሱልኝ።"

ግራዝማች ወደ እኔ ዞረው "ይሄ ደንቆሮ ነው ያበላሸው!" ብለው ጮኹ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ወረቀቱን ሊነጥቁ እጃቸውን ሲሰነዝሩ እማሆይ ቀድመው ከቄሱ ተቀበሉና አጥፈው ዳዊታቸው መሃል ከተቱት፤ ዳዊቱን ደግሞ ከቆዳ ማኅደሩ ውስጥ።

"እንግዲህ ከዚህ የሚያወጣው ያውጣው" አሉ።

ከመነኩሲት ማኅደር የሚዘርፍ እጩ ገና አልተወለደም። ግራዝማች በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ፤ እኔንም የመጽሐፉንም ምስል እዚያው ጥለው።

የደብሩ ሰዎች ይደበድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልደበደቡኝም፤ ጉልበቱስ ከየት ይመጣል? "የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት፣ እማሆይ" አልኳቸው።

"እሺ ልጄ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልዘዝህ። ቁጭ በል።"

የሞተውን በየስሙ፣ ያልጋ ቁራኛ የሆነውን በየስሙ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። ሲያልቅ ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። አሜን ያለ የለም። ሁሉም እንደገና ጣቱን ጫነ። በማግስቱ መካነ ሰላም ወስጄ ለአውራጃው ቢሮ አስረከብኩ።

እህሉ መጣ። ለመምጣት ግን አልቸኮለም። ሲደርስ አያ ይመር አልነበሩም፤ ጣታቸውን ከጫኑት ውስጥ ሌሎችም አልነበሩም። ግራዝማች ግን እንኳን ደስ አላቸው፣ ተመረጡ። ወንበሩ ሳይሞቅላቸው አብዮቱ መጥቶ ፓርላማውን በተነባቸው እንጂ ለፊደል ስንት በሠሩ!

እኔ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተማሪ ሆንኩ። ይህን ታሪክ በየሠርጉና በየለቅሶው ስንቴ አውርቼዋለሁ። አሜኑ ላይ ስደርስ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። አልፎ አልፎ ታዲያ አንዱ ይነሳና "አንተስ የምትጽፈው አልገባህም ነበር?" ይለኛል። "ልጅ ነበርኩ፤ ምን አውቄ!" እላለሁ።

ውሸቴን ነው። እስከ ዛሬ የማፍረውም ለዚህ ነው። ጽፌ እንደጨረስኩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። ከዚያ ራቅ አድርጌ ያዝኩና ጽሕፈቴን አይቼ "ሲያምር!" አልኩ።