ፆም የመሰለን ጥም

እኔ በር አላምንም። ሱቅ ልገባ፣ መስጂድ ልገባ፣ ሰው ቤት ልገባ፣ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ መቃኑ ነው። ግራና ቀኙን አያለሁ፤ ትገባለች ወይስ አትገባም እላለሁ። የምትገባዋ ልጅ ከሞተች ዓመት አልፏል፤ ዓይኔ ግን እምቢ አለኝ። ሪያድ፣ መንፉሐ ሰፈር ያሉት የአገሬ ልጆች "አንቺ፣ ቤት ልትገዢ ነው እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ምን ቸገራቸው።

የምሠራው መላዝ የሚባል ሰፈር ነው፣ አንድ ያረጁ ባልና ሚስት ቤት። ሴትየዋን ማማ፣ ሰውየውን ባባ እላቸዋለሁ። አንድ ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዟትም፣ በዊልቸር ነበር የምትንቀሳቀሰው። እኔም የተቀጠርኩት እሷን ላግዝ ነው። ቁጡ ነበረች። እኔም ቁጡ ነኝ፤ ስለዚህ ተስማማን።

ሥራ ያገኘች ቀን ቤቱ ታመሰ። ቢሮው ከእኛ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ሥራዋም ኮምፒውተር ላይ። ባባ ግን ፊቱን አጠቆረ። "ታመመች፣ ወይ አልተመቻትም ሲሉ የሰማሁ ቀን፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ቤትሽ ትቀመጫለሽ" አላት። "ኢንሻአላህ አትሰማም" አለችው። እንዳለችውም አደረገች፤ ምንም አላሰማችውም።

ጠዋት ጠዋት እየገፋሁ አደርሳታለሁ። የእግረኛ መንገድ አለ፣ ያማረ ንጣፍ የለበሰ። ግን መሃሉ ላይ ዛፍ ተክለውበታል፤ ዛፍ ከሌለ መኪና ወጥቶበት ይቆማል፤ ሁለቱም ከሌሉ ጠርዙ ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ የምንሄደው አስፋልት ላይ ነበር፣ ከኋላችን ጥሩምባ እየተነፋብን። እኔ በአማርኛ እሳደባለሁ፤ እሷ "ምን አልሽው?" ትለኛለች፤ ስነግራት በሳቅ ትፈርሳለች። ቢሮው ደጃፍ ላይ ግን የዊልቸር መወጣጫ ተሠርቷል፣ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ የብረት መደገፊያ ያለው። የመጀመሪያ ቀን እዚያ ላይ አቁመው ፎቶ አነሷት። ወይ ጉድ፣ እንዲህ ለሰው የሚያስቡም አሉ ብዬ መረቅኳቸው። ያንን ምርቃት መልሼ ብቀበላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ውሃ መጠጣት ተወች። ጠዋት ሻይዋን አቀርባለሁ፣ አትነካውም። የምቋጥርላት ምሳ እንደታሰረ ይመለሳል። ሰኞና ሐሙስ ቢሆን ሱና ነው፣ ብዙ ሰው ይፆማል፤ እሷ ግን የሥራ ቀን በሙሉ ነው። ማማ "ልጄ ሥራ ስላገኘች ለአላህ ምስጋና እየፆመች ነው" ብላ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። ቢሮም እንደዚያው ሆነ። ልወስዳት ስሄድ አለቃዋ፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚመጣ ሴትዮ፣ "ማሻአላህ፣ ፆመኛችን!" ትላታለች። ለክብሯ ብለው ከፊቷ ቡና እንኳ አይጠጡም ነበር። እኔ ወሎዬ ነኝ፤ ፆመኛ በሚከበርበት ቤት ነው ያደግሁት። "አላህ ይቀበልሽ" እላታለሁ። ቤት ስንደርስ ግን "ያላ፣ ያላ፣ ሐማም አድርሺኝ" ነው። የቤቱ ሐማም፣ ሽንት ቤቱም መታጠቢያውም፣ ሰፊ ነው፣ የምትይዘው ብረትም አለው፣ ብቻዋን ነበር የምትገባው። በሩን ዘግታ ቧንቧውን ከፍታ ትቆያለች። ለሶላት ውዱእ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር።

ልብሷን የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ሳምንት የወር አበባዋ መጣ። በዚያ ጊዜ ሴት አትፆምም፤ ይህን የማታውቅ ሙስሊም ሴት የለችም። ደስ አለኝ፣ ሻይዋን በናና ቅጠል አፍልቼ ገባሁ። "ዛሬማ ትጠጫለሽ" አልኳት። እጇ ወደ ብርጭቆው ተዘረጋ፣ ከዚያ ተመለሰ።

"አልጠማኝም" አለች፣ በዚያ በተሰነጣጠቀ ከንፈሯ።

"በአላህ! አሁን ደግሞ ምን ልትይኝ ነው?"

"በሩን ዝጊው" አለችኝ። ዘጋሁት። "የቢሮው ሐማም ወንበሬን አያስገባም። መግቢያው ጠባብ ነው። ከጠጣሁ የት እሄዳለሁ?"

"አልነገርሻቸውም?"

"ነግሬያቸዋለሁ። ኢንሻአላህ እናሰፋዋለን አሉ። ደግሜ ብነግራቸው አልተመቻትም ብለው ባባ ጋ ይደውላሉ። እሱ ደግሞ ያቺን ቃል ነው የሚጠብቀው።"

"ታዲያ ለምን እፆማለሁ አልሽ?"

"እኔ መቼ አልኩ? እነሱ ናቸው ያሉት።"

ሪያድ ውስጥ የቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ሰው አላውቅም። እሷ ግን ከሥራ ተመልሳ ሐማም ውስጥ አፏን ደቅና ትጠጣ ኖሯል፣ እናቷ ፆሟን ስታፈርስ እንዳታያት ብላ። ራስሽን ልትገድይ ነው ብዬ ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ፤ "ከዚህ ሥራ በፊት ጠዋት የምለብሰው ለማን ነበር?" አለችኝ። ከዚያ እንዳልናገር በአላህ አስማለችኝ፤ ማልኩ።

በማግስቱ ልወስዳት ስሄድ ያንን ሐማም ገብቼ አየሁት። ግድግዳው እብነ በረድ፣ መስታወቱ ፊት ለፊት የሚያበራ፣ ሳሙናው ሽታው የሚጣፍጥ። መቃኑን በእጄ ለካሁት፤ ወጥቼ ወንበሯንም ለካሁት። የጎደለችውን ስፋት ጣቶቼ እስከ ዛሬ አልረሷትም።

ትኩሳት ሲጀምራት "ኤሲው ነው ያበረደኝ" እያለች ለመድሃኒቱ እንኳ ትንሽ ውሃ ብቻ ትጎነጭ ነበር። አንድ ጠዋት ልብስ ሳለብሳት ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ከኩላሊቷ ተነስቶ ደሟ ውስጥ ገብቷል አለ። አልጋው ላይ ሆና እጄን ጨመቅ አደረገችኝ፤ መሐላዬን እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ አልጋ አልተነሳችም።

ለቅሶ ላይ አለቃዋ መጣች። ማማን አቅፋ፣ "አንድ ቀን ውሃ ስትጠጣ አላየናትም። ጀነት ውስጥ ለፆመኞች ብቻ የሚከፈት በር አለ፤ ልጅሽ በዚያ ትገባለች" አለቻት። ማማ እንባዋን ጠርጋ ፈገግ አለች። እኔ ቴምር የያዘ ሰሃን ይዤ ቆሜያለሁ። የጀነትን በር ታወራለች! የራሷ ቢሮ በር እዚያው ቆሞ!

ዊልቸሩን ዕቃ ቤት አስገባሁት። አንደኛው የፊት ጎማ ሲዞር ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ከሥራ በምንመለስበት ሰዓት፣ ያ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ይመጣል። መጥረጊያዬን ጥዬ የሐማሙን በር ልከፍት እሄዳለሁ፤ ማንም የለም። እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ማማም ትሰማለች መሰለኝ፤ በዚያ ሰዓት ዓይናችን ከተገጣጠመ ሁለታችንም ፊታችንን እናዞራለን።

ከዚያ ማማ መፆም ጀመረች። ስኳር አለባት፣ ሐኪም ከልክሏታል፤ ማን ይሰማል! "ልጄ በገባችበት በር ነው የምገባው" ትላለች። የልጇን ቀኖች ነው የያዘችው፣ የሥራ ቀን በሙሉ። ባባ ቢለምናት አልሰማችም። አንድ ቀን ከሰዓት ኩሽና ገብታ ዞረባት መሰለኝ ጠረጴዛውን ያዘች። ደግፌ አስቀመጥኳት። ቀና ስትል ከንፈሯን አየሁት፤ ተሰነጣጥቋል። ያንን ከንፈር አውቀዋለሁ።

ያ አላህ፣ መሐላዬን አንተ ታውቃለህ አልኩ በሆዴ።

"ማማ፣ አልፆመችም" አልኳት።

አየችኝ። ካልተናገርኩ ድፍረቴ ሊያመልጠኝ ስለሆነ ሁሉንም አወረድኩት፦ ሐማሙን፣ ቧንቧውን፣ በወር አበባዋ ጊዜ ሻይ የመለሰችበትን ቀን። "አርብና ቅዳሜ፣ ቢሮ በማትሄድበት ቀን፣ ከእኛ ጋር ትጠጣ አልነበር? እስቲ አስቢው" አልኳት። በጥፊ ትለኛለች፣ ወይ ከቤቴ ውጪ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ያ የጎማ ድምፅም ከኮሪደሩ አልመጣም።

እሷ ግን "ምን ያህል ነበር የጎደለው?" አለችኝ።

አራት ጣቴን አጋጥሜ አሳየኋት።

እጄን ሳብ አድርጋ ጣቶቼን በመዳፏ ያዘቻቸው። "ይቺን?" አለች። "ይቺን ያህል?"

"አዎ ማማ።"

በግራ እጄ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣችው፤ ጠጥታ እስክትጨርስ ጣቶቼን አልለቀቀችም።