ጨለማ የሚያጠናው ልጅ እናት

የረሒማ ልጅ ጨለማ ያጠናል የሚለው ወሬ መካን ለማዳረስ ሁለት ጁምዓ አልፈጀበትም።

ክፋቱ ወሬው እውነት መሆኑ ነው። ጀሚል ጅዳ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ዶክትሬቱን ይማራል። ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች ብርሃንና «ጨለማ ቁስ» የሚባለው ነገር እንዴት አብረው እንደነበሩ በወረቀትና በኮምፒውተር ሲያሰላ ይውላል። ይህን ጤነኛ ሥራ ሐበሻው ከዛሂር ሰፈር ተነሥቶ በዋትሳፕ ሲቀባበለው፣ ኩዳይ ሰፈር ሲደርስ ልጁ ጂን ሳቢ ሆኖ አረፈው። የእኛ ሰው ወሬ ላይ ቅመም ለመነስነስማ ማን ብሎት!

ሌላ ጊዜ ቢሆን ረሒማ ስቃ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ጀሚል ረውዳን ወዷል። የረውዳ አባት ዑመር ሩሰይፋ ሰፈር ሱቅ ውስጥ የሚሠራ፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው ነው። ሽማግሌ ሲላክበት «ልጁን ራሱን አምጡትና ልጠይቀው» ብሎ መለሰ።

ረሒማ ለዚህ ልጅ ያላት ስስት ሌላ ነው። ከሐይቅ ከተማ ወጥታ ለሰው ቤት ሥራ መካ ስትገባ አራት ዓመቱ ነበር። ደሴ እኅቷ ዘንድ አደገ። ጫማውንና ደብተሩን ስትልክ ኖረች እንጂ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ፊቱን ያየችው አራት ጊዜ ብቻ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጅዳ ሲመጣ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ግን በየጁምዓው በአውቶቡስ እየመጣ ሲጠይቃት እናትና ልጅ የሚያወሩት ጠፋቸው። ስለ ምን ያውሩ? አብረው ያሳለፉት ነገር የለ። ስለዚህ ስለ ዓለም አጀማመር አወሩ። ሌላው እናትና ልጅ ስለ ጎረቤት ሲያማ፣ እነዚህ ስለ ከዋክብት ያማሉ።

«ካልታየ መኖሩን በምን አወቃችሁ?» ትለዋለች።

«ከዋክብቱ ባለመበታተናቸው፣ እማ። የሚታየው ብቻውን ሊይዛቸው አይችልም።»

የተባለው ቀን የዐስር ሶላት ተሰግዶ ዑመር ቤት ተቀመጡ። ሽማግሌው ሸህ ሙክታር ከላይ፣ ጀሚል ከፊታቸው፣ ረሒማ በሩ ሥር። የረውዳ እናት ሳሊማ ከልጇ ጋር ማድቤት ናት፤ በሩ ግን ጆሮ የሚያስገባ ያህል ገርበብ ብሏል።

«ልጄ፣» አለ ዑመር፣ «ይህን የምታጠናውን ነገር አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፣ ጋሽ ዑመር።»

«ያየው ሰውስ አለ?»

«እስካሁን የለም።»

«ይዳሰሳል?»

«አይዳሰስም። አሁን ራሱ እኮ በዚህ ክፍል ውስጥ በመካከላችን እያለፈ ነው።»

«አዑዙ ቢላህ!» አሉና ሸህ ሙክታር እግራቸውን ሰበሰቡ።

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይሏል ይኼ ነው። ልጁ ያስረዳ መስሎት «ግድግዳ አያግደውም፣ ብርሃንም አይነካውም» ብሎ ጨመረበት። ዑመር የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ወላሂ ጨዋ ልጅ ነህ። ግን ልጄን እንዲህ ያለ ነገር ላለበት ቤት…» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሽማግሌ በተቀመጠበት የልጁ እናት አፏን አትከፍትም፤ ወጉ ነው። ግን የረሒማ ልጅ ዓይኗ እያየ ባዶ እጁን ሊመለስ ነው።

«ወንድም ዑመር፣ አፉ በሉኝና አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ሠርቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ ማዳሟን ያያል፣ መብራቱን ያያል፣ ምግብ የቀረበበትን ሱፍራ ያያል። እኔን ያየኝ የለም። በአጠገቡ ሳልፍ እንኳ አያየኝም። አንድ ጊዜ ታምሜ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን የቤቱ አሮጊት መድኃኒት ተምታታ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀሩ። የጁምዓ እንግዳ መጥቶ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ፤ ባልና ሚስቱ ተጣሉ። ቤቱን ማን ይዞት እንደነበር ያኔ ገባቸው። የእኔ ልጅ ጂን አይፈልግም። አላህ ሰማዩን ሲዘረጋ፣ ከዋክብቱ እንዳይበተኑ ሳይታይ የሚይዝ ነገር አኑሮበታል። ልጄ የሚፈልገው እሱን ነው። ይህ ሐራም ከሆነ እኔም ሐራም ነኝ።»

ዑመር ምንጣፉን ያያል፤ ሸህ ሙክታር ጺማቸውን ያሻሉ።

ድንገት ከማድቤት እልልታ ቀለጠ።

ሳሊማ ናት። ከማግባቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች።

«ኧረ እኔ ገና አልፈቀድኩም!» ብሎ ዑመር ወደ በሩ ጮኸ። ሁለተኛው እልልታ ከፊተኛው በለጠ፤ የረውዳም ድምፅ ገባበት። ዑመር ሽማግሌውን ቢያይ እሳቸው እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተዋል። «እንግዲህ ኻላስ» አለና ሳቁ አመለጠው። «ያ ሳሊማ፣ ቴምሩን አምጪው!»

ቤቱ በጫጫታ ሲሞላ ጀሚል ተነሥቶ በሩ ሥር እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ፊቱ የሙሽራ ፊት አይመስልም።

«እማ፣» አላት ዝቅ ብሎ፣ «መቼ ነው የታመምሽው?»

«የማትሪክህ ጊዜ።»

«በየቀኑ ስትደውዪልኝ ነበር እኮ! ሆስፒታል ሆነሽ ነው?»

«ፈተና ላይ ነበርክ» አለችው፤ እጁን ግን አለቀቀችም።