የራሰው ፊልምና ያልተቀረቀረው በር

ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጋሽ ደምሴ ካሜራ አላስነኩኝም። ባሕር ዳር፣ ዋናው መንገድ ዳር የነበረችው ፎቶ ቤት የእሳቸው ነበረች። ጨለማ ክፍል አስገብተው የተበላሸ ፊልም ሰጡኝና መጠምጠሚያው ላይ ጠምጥም አሉኝ። መብራቱን አጠፉት። ፊልሙ ተጣመመብኝ።

«ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ።

«ምንም አይታየኝም እኮ፣ ጋሽ ደምሴ!»

«አውቃለሁ። ስትጨፍን ለማየት መታገሉን ትተወዋለህ።»

ቀጥለው የበሩን መቀርቀሪያ አሳዩኝ። ፊልሙ ብርሃን የማያስገባው ጥቁር ማጠቢያ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ እስኪገጠም በሩ አይከፈትም፤ እናትህ ብትጠራህም አይከፈትም አሉኝ።

በደርግ ዘመን ጋሽ ደምሴ ታመው ቤት ሲውሉ ሥራው በእኔ እጅ ወደቀ። አብዛኛው የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ነበር። ጆሮ ይታይ፣ አንገት ቀና ይበል፣ አለቀ። ለመታወቂያ ሲነሣ ድሮም የሚስቅ የለም፤ ያን ጊዜ ግን በሠርግ ፎቶም ላይ ሳቅ እየጠፋ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ሰይድ ገባ። አባቱ ጣና ዳር ጀልባ ይሠራሉ፤ እሱ ተምሮ ለውጭ አገር እንግዶች አስተርጓሚ ሆኗል። ከኋላው እስከ ጉልበቱ የራሰ ፈረንጅ፣ ከፈረንጁ ኋላ ደግሞ ካድሬው ጓድ ታደለ ተከተሉ። እንግዳው ከወዳጅ አገር ለፋብሪካ ሥራ የመጣ መሐንዲስ ነው። ከዘጌ ሲመለሱ ከጀልባ ልውረድ ሲል ካሜራው ከአንገቱ ወልቆ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ካሜራውን በመሐረብ እያባበሰ ፀሐይ ላይ ላስጣው ይላል።

የራሰ ፊልም ከደረቀ እርስ በርሱ ይጣበቃል። እንደራሰ ነው መታጠብ ያለበት። ስለዚህ ካሜራውን ተቀብዬ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። እንግዳው ጮኸ። ከውኃ ያወጣውን ዕቃ መልሼ ስነክርበት ያበድሁ መስሎት ነበር። ሰይድ እየሳቀ አስረዳው፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም።

«ታጥቦ ሲያልቅ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ» አለ ጓድ ታደለ።

ባልዲውን ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ ሰይድ ላግዝህ ብሎ ተከተለኝና ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከ።

«ጧት በመኪና በዓባይ ድልድይ ስናልፍ ካሜራው ቀጭ ሲል ሰማሁ። ድልድዩን ከነወታደሮቹ ሳያነሣ አልቀረም።»

ድልድዩን ማንሣት ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው የለም።

«ለምን አልከለከልኸውም?»

«ጓድ ታደለ ከፊት ተቀምጦ? ብናገር ይሰማኝ የለም? ፈረንጁንስ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ይሸኙታል። እኔን ግን...»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። የምጠምጥመው ፊልም ሳይሆን የሰይድ አንገት ሆኖ ታየኝ።

ጨለማ ክፍል ገባሁና መቀርቀሪያው ላይ እጄን ጫንሁ። የጓድ ታደለ ጫማ ከበሩ ወዲያ ይሰማል። በዚያ ዘመን በካድሬ ፊት በር መቀርቀር «የምደብቀው አለኝ» ከማለት አይለይም። እጄን መለስሁ። ዘዴ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኮራበት ነበር፤ ፈርቼ ነው።

«ጓድ፣ እስክጠራዎት በሩን እንዳይከፍቱት። ብርሃን ከገባ ፊልሙ ይሞታል» አልሁ።

«እሺ፣ ቶሎ በል።»

መብራቱን አጠፋሁ። የራሰ ፊልም ጣት ላይ ይለጠፋል እንጂ አይጠመጠምም። ጀመርሁ፣ ተበላሸ፤ ፈትቼ እንደገና ጀመርሁ። ታጥቦ ከወጣ አላሳይም ማለት አይቻልም። ብቀደው አሻጥር ነው፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ተወስዶ ሲመለስ አላየንም።

«ምንድን ነው ዝምታው?» አለ ጓድ ታደለ።

«ፊልሙ አልጠመጠም ብሎኝ ነው፣ ጓድ።»

«ምን እየደበቅህ ነው?»

በሩ ተበረገደ። የቀኑ ብርሃን እጄ ላይ፣ ከእጄ በተንጠለጠለው ፊልም ላይ ፈሰሰ።

እንግዳው ከኋላው ሆኖ የጮኸው ቃል አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ጓድ ታደለ እንግዳውን አየ፣ ፊልሙን አየ፣ የበሩን እጀታ የያዘውን የራሱን እጅ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። የወዳጅ አገር እንግዳን ንብረት ያበላሸ ካድሬም አለቃ አለው፤ አለቃውም ሌላ አለቃ አለው።

ሥራ ሥራ ነውና ፊልሙን በመድኃኒቱ አጠብሁት። ብርሃን አይቷልና ከዳር እስከ ዳር እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ። ጓድ ታደለ ተቀብሎኝ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው።

«ውኃው ነው ያበላሸው፤ አይደል?»

ትእዛዝ ይሁን ልመና መለየት አቃተኝ።

«አዎ ጓድ፣ ውኃው ነው።»

ሰይድ ይህንኑ ተረጎመ። እንግዳው ሞኝ አልነበረም። ሦስታችንንም አንድ በአንድ ተመለከተን፣ የጠቆረውን ፊልም ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና አመስግኖን ወጣ።

ድልድዩ ፊልሙ ላይ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጓድ ታደለ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል፤ እኔም ሳየው እሻገራለሁ። አንዳንዴ ሁለታችንም ተሻግረን እንገናኝ ነበር።

በሙያው ላላችሁ የምለው አጭር ነው። የራሰ ፊልም ሳይደርቅ ይታጠብ። ሥራው እስኪያልቅ፣ ውጭ የቆመው ማንም ይሁን ማን፣ የጨለማ ክፍል በር ይቀርቀር። እኔ ባለመቀርቀሬ ሰይድ ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ አደረ። ቢሆንም ይቀርቀር።