ጋሽ ዘርጋ ያነሡት ቤት

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሆነውም ወልቂጤ ነው። ጓደኞቼ “ያለፈ አለፈ፣ እርሳው” ይሉኛል። እኔ ግን እንጀራዬ ችካል መትከል ነው፤ ችካል በተከልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እንዴት አድርጌ ነው የምረሳው?

ቀያሽ ነኝ፤ ትውልዴ ጎጃም ነው። ወልቂጤ የገባሁት በየሰፈሩ መሀል የሚያልፈውን አዲሱን ሰፊ አስፋልት ከያዘው ድርጅት ጋር ነበር። ማንንም አላውቅም። ቤት ያከራዩኝ ጋሽ ዘርጋ ናቸው። ግቢያቸው ጠባብ ናት። ከፊት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የሚኖሩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከኋላ የእኔ አንድ ክፍል፣ ከጎኗ ማድ ቤት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጥቂት እንሰት አለ። ያቺን የፊት ቤት የሠሯት አዲስ አበባ ስንት ዓመት ሙሉ ጎማ ሲጠግኑ ኖረው በላባቸው ነው።

ኪራይ ይቀበሉኝ እንጂ እንደ ተከራይ አላዩኝም። ሲያመኝ እትዬ አስካለ አጥሚት ይዘው በሬን ያንኳኳሉ። አንድ ጊዜም ጋሽ ዘርጋ ከአረቅጥ ወጣ ብሎ ወዳለው የትውልድ መንደራቸው ወሰዱኝ። ጉራጌዎች ጀፎረ የሚሉትን ያየሁት ያኔ ነው። በመንደሩ መሀል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ፣ ቤቱ ሁሉ ግራና ቀኙን የተደረደረበት ሰፊ መንገድ ነው። ሙያዬ ነውና “ማን ነው የቀየሰው?” አልኳቸው።

“የቀየሱት ሞተዋል። አጥሩ ግን ስንዝር አልተገፋም” አሉኝ።

ጀፎረ ላይ አጥሩን የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይቀጣል። ከቅጣቱ ይልቅ ውርደቱ እንደሚብስ ነገሩኝ። መንገድ የሁሉም ነው፤ ሙሽራም ሬሳም በእሱ ነው የሚያልፈው። እኔ “ሰው ሁሉ እንደናንተ ቢሆን ዶዘር ባላስፈለገን” ብዬ ቀለድኩ። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ እንግዲህ። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

በሥራችን አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። ኮሚቴ መጥቶ ንብረት ሳይቆጥር መስመሩ የት እንደሚያልፍ ለማንም አይነገርም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ወሬውን የሰማ ሁሉ ምትክ ቦታ ለማግኘት ሲል በአንድ ጀንበር ቆርቆሮ ይገትራል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቤት የሚሠራውን ፈርተው ነው። ቤቱን የሚያፈርስ ይኖራል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ስንበላ ጋሽ ዘርጋ “ልጄ፣ መንገዱ በእኛ በኩል የት ድረስ ይመጣል?” አሉኝ። እንደ አባቴ ነው የማያቸው። ደግሞ ልዋሻቸው አልቻልኩም፣ ማወቄንም ማሳየት አማረኝ። ወጥቼ ከቤቷ በስተኋላ እግሬን መሬቱ ላይ ተከልኩ።

“እዚህ ድረስ ነው። የፊት ቤቷን ይወስዳታል፤ የኔ ክፍል ትተርፋለች።”

እግሬ የቆመበትን አዩና “እንግዲያ ቤቴ የቆመው መንገድ ላይ ነው በለኛ” አሉ።

“በካርታው እንደዚያ ነው።”

“መቼ ነው የምትፈልጉት?”

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ! “ለእኛማ ዛሬ ቢነሣልን በወደድን!” ብዬ ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም።

ሰኞ ለሥራ ወደ ገጠር ወጣሁና አሥር ቀን ቆየሁ። ስመለስ ግቢውን የተሳሳትኩ መሰለኝ። የፊት ቤቷ የለችም። ወይ ጉዴ! ቆርቆሮው በወግ ተደርድሯል። እንጨቱ ለብቻው ተከምሯል። ሚስማሩ ተነቅሎ፣ አንድ በአንድ ተቃንቶ በጣሳ ተቀምጧል። አዲሱ አጥር ደግሞ እግሬን በተከልኩበት ቦታ ላይ ልክ ቆሟል።

ጋሽ ዘርጋ ከማድ ቤት ወጥተው “እንኳን ደህና ገባህ! አየህልኝ? ማንም ተነሥ ሳይለኝ ተነሣሁ” አሉኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር። አልጋቸው ማድ ቤት ገብቷል።

የሆነውን እትዬ አስካለ ነገሩኝ። ጋሽ ዘርጋ የሰፈሩን ሰው በደቦ ጠርተው፣ ቆጮና አይብ አቅርበው፣ በሁለት ቀን አነሧት። ጎረቤታችን አቶ ከድር ብቻ በአጥር ላይ ሆነው ጮኹ። አቶ ከድር አዲስ አበባ ባቡሩ ሲሠራ ቤታቸው መስመሩ ላይ ውሎ የተነሡ ሰው ናቸው።

“ዘርጋ፣ በአላህ ይሁንብህ አትንካት! እኔ በባቡሩ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሳይቆጠር የፈረሰ ቤት፣ ቤት አልነበረም ነው የሚባለው!”

ጋሽ ዘርጋ ግን “በስተርጅናዬ የሰው መንገድ ላይ ተኝቶ አደረ አልባልም” ብለው መለሱላቸው።

ቆርቆሮውን መልሰን እንድንመታው አሰብኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ቆጠራው በማግስቱ ነበር።

በማግስቱ የኮሚቴው ሦስት ሰዎች መጡ። ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። በቅጹ ግርጌ የድርጅቱ ምስክር ሆኜ የምፈርመውም እኔው ነኝ። ሰብሳቢው ግራ ተጋብቶ “ቤቱ የታለ?” አለ።

“አነሣሁላችሁ እኮ!” አሉ ጋሽ ዘርጋ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዘነ። “አባባ፣ እኔ የምጽፈው የቆመውን ብቻ ነው” አላቸው። ቤት ካልተጻፈ ደግሞ ምትክ ቦታ የለም። ከዚያ ፊቱን አጠቆረና “ለመሆኑ መስመሩ እዚህ ድረስ እንደሚመጣ ማን ነገረዎት?” አለ።

እኔ ነኝ ብል ከሥራ እባረራለሁ። እንዲያም ሆኖ፣ እኔ ነኝ ብዬ ቤቱ እንደነበረም ብመሰክር ምናልባት ይሰሙኝ ነበር። ምናልባት። አፌን ከፈትኩ፣ ቃል ግን አልወጣኝም። ያ ቅዳሜ ለት አላርፍ ያለው አፍ!

ጋሽ ዘርጋ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረው “ራሴ ገምቼ ነው” አሉ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ አብሬያቸው ስኖር ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰብሳቢው “ባዶ ቦታ፣ አጥር ብቻ” ብሎ ጻፈና ቅጹን ለእኔ ዘረጋው። ፈረምኩ።

አቶ ከድር ቤታቸው ቆሞ ስለተቆጠረ ምትክ ቦታ አገኙ፤ ተገቢያቸው ነው። ወሬ ከየትም ቃርመው ቆርቆሮ የገተሩትም አገኙ። ጋሽ ዘርጋ አላገኙም። ክፍሌን ለቅቄላቸው ወጣሁ፤ ዛሬም ሁለቱ በዚያች አንድ ክፍል ናቸው። ስወጣ እትዬ አስካለ ያጠቡልኝን አንሶላ አጥፈው ሰጡኝ። “እሱ ይቅር ብሎሃል። እኔ ግን ገና ነኝ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ለራሴ ገና ነኝ።

አሁን ቡታጅራ ነኝ፤ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ችካል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ከግቢያቸው ወንበር ይዘውልኝ ወጡ። “አሰላሙ አለይኩም” ብለው ካስቀመጡኝ በኋላ “ልጄ፣ መንገዱ የት ድረስ ነው የሚመጣው? የኛ ቤት ካለበት ቀድመን እናንሣላችሁ” አሉኝ።

መስመሩ በሳሎናቸው ነው የሚያልፈው።

“አላውቅም አባባ” አልኳቸው። “ቆጣሪዎቹ እስኪመጡ አንዲት ሚስማር እንዳይነቅሉ።”

ሽማግሌው በእጄ ያለውን ችካል አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። “ቀያሽ ሆነህ መንገዱ የት እንደሚያልፍ አታውቅም?” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ወንበራቸውን ይዘው ገቡ።

ታዘቡኝ። ይታዘቡኝ። ብቻ ቤታቸው እስኪቆጠር ቆሞ ይጠብቃቸው።