ሁለት ሞተር በሦስት ቀን፦ ከደብረ ታቦር እስከ ቆራጣ

ሐሙስ ጠዋት

ከደብረ ታቦር የተነሳሁት በሰኔ ነው፤ ጉም መናኸሪያውን ውጦት የመኪና መብራት እንኳ እንደ ጧፍ ሲታይ። ሻንጣ የለኝም። አንድ ፌስታል፣ እናቴ የቆላችው ገብስ፣ ደግሞ ራሴ። ራሴ ይበቃል። ባጃጅ ነድቻለሁ። አይሱዙም አንድ ጊዜ ነድቻለሁ፤ ቆሞ ነበር እንጂ። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ስላልቻለኝ በሰላም ተለያይተናል።

የጉዞዬ ምክንያት ታላቅ እህቴ የሺ ናት። ዐረብ አገር ዐሥር ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ ተመለሰችና፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ አውጥታ ቆራጣ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ባለ ሁለት ሞተር ጀልባ ገዛች። ሰው ወደ ደሴቶቹ ታመላልሳለች። የሚነዱላት አያ ደሴ ዓይናቸው ስለደከመ በዚህ ሳምንት ሊያቆሙ ነው። ደወለችልኝ።

«የማልነዳው ነገር የለም ትል የለ?»

«የለማ!»

«እንግዲያው ና። ቅዳሜ እግራቸውን የታመሙ መነኩሴ ከደሴት አውጥቼ ጤና ጣቢያ ላደርስ ቃል ገብቻለሁ። አንተ በሰላም ካመጣሃቸው ጀልባው ሥራህ ነው። ካቃተህ አንድ የባሕር ዳር ልጅ አለ፤ እሁድ ይጀምራል።»

ስልኩን ሳልዘጋ ለባጃጅ ተራው ሁሉ አወጅሁ። ጓደኞቼ «ካፒቴን! ካፒቴን!» እያሉ ሸኙኝ። እንግዲህ ካቃተኝ፣ ደብረ ታቦር በየት በኩል እንደምመለስ እግዜር ይወቀው።

ከአለም በር ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ከላይ ቀረ። ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ወረታ አካባቢ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኖ፣ ሰማዩ ገብቶበት ሲያበራ አየሁና በመኪናው ውስጥ ጮህሁ። «ጣና!»

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዶሯቸውን አቅፈው አዩኝ። «ሩዝ ነው፣ ልጄ። ምን ሠራተኛ ነህ?»

«ካፒቴን ነኝ፣ እማማ።»

«እሰይ። እንግዲያው ሩዝና ባሕር ለይ፤ ሰው ጭነህ ማሳ ውስጥ እንዳትገባ።»

መኪናው እስከ ሐሙሲት ሳቀ። ሐሙሲት ገበያዋ ቆሟል፤ በግ፣ ሽንኩርት፣ ጤፍ፣ ሰው በሰው ላይ። የሰኔ ጾም ነውና በአርባ ብር ሽሮ በላሁ። ከዚያ ወደ ቆራጣ በባጃጅ ተሳፈርሁ። እኔ ከኋላ! ልጁ ፍሬን በያዘ ቁጥር የእኔም እግር ባዶውን ወለል ይረግጣል።

ከዚያ ጣና መጣ። እኔ የሄድሁበት አልመሰለኝም፤ እሱ ነው ቀስ ብሎ የመጣ። ሰማይ ደክሞት ጋደም ያለ ይመስላል። ደሴቶቹ ውሃውን ሳይነኩ ተንሳፍፈው ነበር። ሩቅ አንድ ሰው ከደንገል ቄጠማ የታሰረ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል፤ ድምፅ የለም። ቆሎ ማኘክ እንኳ ነውር መሰለኝና አቆምሁ።

ሐሙስ ከሰዓት

ጀልባው ከኋላው ሁለት ሞተር፣ ከመሪው ጎን ሁለት እጀታ አለው። አንዱን እጀታ ስትገፋው የሱ ሞተር ወደፊት ይሄዳል፣ ስትስበው ወደ ኋላ፣ መሐል ላይ ስትተወው ዝም። ይኼው ነው። «ይቺማ ለሕፃን ናት» አልሁ። አያ ደሴ አጭር፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የሰፋ ሽማግሌ ናቸው። መሪውን ለቀቁልኝ።

መውጣቱ ቀላል ነው። መመለሱ ነው ጉዱ። መጠጊያው አሮጌ ጎማ የተንጠለጠለበት የድንጋይ ግንብ ነው። «ቀንስ» አሉ። ቀነስሁ። ጀልባው ግን አልሰማም፤ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ቀኝ እግሬ ፍሬን ፈለገ። ወለል። ደግሜ ረገጥሁ። ወለል። ግንቡ መጣ፣ መጣ። ያኔ የአባቴ በቅሎ ትዝ አለችኝ መሰል፣ መሪውን በሁለት እጄ ወደ ደረቴ ጎትቼ «ቁም!» ብዬ አንባረቅሁ።

ጓ!

አያ ደሴ ከመቀመጫቸው ተንሸራተው አብራን የተሳፈረችው የሺ እግር ሥር አረፉ። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሳሙናቸውን ጣሉ። «ቁም አለው! እናንተ፣ ጀልባውን ቁም አለው!»

አያ ደሴ ባርኔጣቸውን ፈልገው አጠለቁ። «ልጓም የለውም» አሉ። «ጆሮም የለው።»

የሺ አልሳቀችም። የተገጨውን የጀልባ ጎን እንደታመመ ከብት በመዳፏ አሻሸች። «ይቺ ዐሥር ዓመቴ ናት» አለች፣ ቀስ ብላ።

ዓርብ

ውሃው በጠዋት ዘይት ይመስል ረግቶ ነበር። አያ ደሴ መሐል ድረስ አስወጡኝና ሞተሩን አስጠፉኝ።

«አባትህ ምን ናቸው?»

«ገበሬ፣ ከጉና ሥር።»

«አርሰሃል?»

«በደንብ!» ልል አፌን ከፈትሁ። ግን ያ ዝምታ ለውሸት አይመችም። እውነቱን ነገርኋቸው። ትልሙ ጫፍ ላይ በሬዎቹን በችኮላ ሳዞር ሞፈር ሰብሬ፣ አባቴ ጅራፉን ከእጄ ወሰዱት። ባጃጅ የጀመርሁት ከዚያ ወዲያ ነው።

«እንግዲያው መሪውን እርሳው» አሉ። «ዳር ስትደርስ እነዚህ ሁለቱ በሬዎችህ ናቸው። ስታዞር ምን ታደርጋለህ?»

«አንዱን እይዛለሁ፣ አንዱን እለቃለሁ።»

«እንዲቆሙልህስ፣ ገደሉ አፍ ደርሰህ ነው የምትጮህ?»

«ኧረ ቀድሜ።»

«ውሃም ቀድመህ ነው። ነካ አድርገህ ተው። ነካ፣ ተው።»

የግራውን በሬ ጥቂት ወደፊት፣ የቀኙን ጥቂት ወደ ኋላ አደረግሁ። ጀልባው ባለበት መዞር ጀመረ፤ ተኝቶ እንደሚገላበጥ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ዛፎቹ አለፉ፣ ደሴቶቹ አለፉ፣ ያ የታንኳ ሰውዬ አለፈ። ከዚያ በምሥራቅ በኩል ጉና መጣ፤ ሰማያዊ፣ ቀላል፣ ብትነፍሰው የሚበተን። አገሬ ደመና ሆኗል። ደግሜ አዞርሁ፣ እሱን ለማየት። ደግሜ።

«በቃህ፤ ነዳጅ ነው እንጂ ጠበል አይደለም» አሉ አያ ደሴ።

ቀኑን ሙሉ ወደ ግንቡ ስጠጋና ስርቅ ዋልሁ። የሺ በደረስሁ ቁጥር ገመዱን ይዛ እንደ ፍየል ትዘላለች፣ ጎትታ ታስራለች። ጠምሜ ብመጣም እሷ ታቃናኛለች። ይህን ልብ አላልሁም። «ተማርሁ!» ብዬ ለሴቶቹ እጄን አውለበለብሁ።

ቅዳሜ

ጉሙ ወርዶ ውሃና ሰማይ አንድ ሆነዋል። ደሴቲቱ ወንድ ብቻ የሚረግጣት ገዳም ናት። ስንደርስ ቅዳሴ ከዛፎቹ ውስጥ ይሰማል፣ ዛፉ ራሱ የሚያዜም ይመስል። ሌላ ጊዜ ዲያቆን ወርዶ ገመድ ይቀበላል፤ ዛሬ ሁሉም ቅዳሴ ላይ ናቸው። ድንጋዩ ላይ የቆሙት መነኩሴው አባ ብቻ ናቸው፤ አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው።

ቀድሜ ቀነስሁ፣ አዞርሁ፣ ተጠጋሁ። ደስ አለኝ። «እታለም፣ ዝለይ!»

የሺ ገመዱን እንደያዘች ቆማለች። «ወዴት?»

«ወደ...» ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

«ሴት አይደለሁም እንዴ? አንተ የጉና በግ!»

አያ ደሴን አየኋቸው። «በዚህ ጉልበቴ ልዝለል?» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነፋሱ ከደሴቲቱ እየነፈሰ ይገፋናል። በጀልባውና በድንጋዩ መሐል አንድ ክንድ ጥቁር ውሃ አለ። አባ እግራቸውን ሲያነሱ ያ ክንድ ሁለት ከሆነ፣ ባሕር ገቡ ማለት ነው። የሺ እጇን ለመነኩሴ አትሰጥም፤ መቅዘፊያ ዘረጋችላቸው።

እኔም ዝም አልሁ። እኔ! ግራ፣ ነካ። ተው። ቀኝ ወደ ኋላ፣ ነካ። ተው። ሁለቱ በሬዎች እጄ ሥር ይተነፍሳሉ። ጀልባው ቀስ ብሎ ድንጋዩን ነካ፣ እንደ ጥጃ አፍንጫ፤ እዚያው ቀረ። አባ መቅዘፊያውን ያዙ፤ ደህናው እግራቸው ገባ፤ የታመመው ተከተለ። ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ጠበቁ።

«ልጄ» አሉ ቆይተው፣ «ማሰሪያውን አትፈታም? እንሂድ እንጂ።»

«አልታሰረም፣ አባ።»

ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው አዩ። «ታዲያ ምን ይዞት ነው የቆመ?»

የሺ ስልኳን አወጣች። «ሄሎ፣ ወንድሜ? የእሁዱ ይቅር። ሰው አግኝቻለሁ።» አያ ደሴም ዓይናቸውን ገለጡ። ለካ እጃቸው መቀመጫውን ጨምድዶ ይዞ ኖሯል፤ ያኔ ነው የለቀቀው።

ሰኞ፣ ቤት

አባን ጤና ጣቢያ ካደረስን በኋላ ብርድ ልብሴን ለመውሰድ ተመለስሁ። መሬቱ ከእግሬ ሥር አሁንም ይወዛወዛል። አባቴ ማሳ ላይ ነበሩ።

«መርከበኛው መጣህ?»

«መጣሁ፣ አባዬ። ጅራፉን ይስጡኝ እስቲ።»

ሞፈሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰጡኝ። ትልሙ ጫፍ ሳልደርስ ቀድሜ ቀነስሁ፤ አንዱን ያዝሁ፣ አንዱን ለቀቅሁ። በሬዎቹ ባሉበት ዞሩ፤ ጉናም፣ ዛፉም፣ ቤታችንም አብረው ዞሩ።

«ስንት ዘመን ስጮህብህ ያልሰማኸውን፣ ማን ነገረህ?» አሉ አባቴ።

«ጆሮ የሌለው ነገር ነው የነገረኝ፣ አባዬ።»

የተማርሁት ይኼን ነው፤ ለመቆም ቀድሞ ማሰብ፣ ከዚያ ነካ አድርጎ መተው። ለባጃጅ ተራው ግን ጀልባውን ሳቆም አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር ብያለሁ።